ስምንተኛው ጥያቄ



የሽንት ችግር ያለባቸው አዛውንት የሕመማቸው መጠን የሚለካበት መጠይቅ አለ። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው ይህ መጠይቅ ሰባት ጥያቄዎች አሉት፤ ሽንቱ ይቆራረጥ፣ ይደክም፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ያስነሣ እንደሆነ ይመረምራል። ድምሩ 8 ሲሞላ መካከለኛ፣ 20 ሲደርስ ከባድ ይባላል፤ ጣሪያው 35 ነው። ዓለም አቀፉ ቅጽ ስምንተኛ ጥያቄ አክሎበታል፤ ይኸውም ሕመምተኛው ቀሪ ዘመኑን በዚሁ ሁኔታ ቢያሳልፍ ምን እንደሚሰማው ነው።

በመቀሌ ከተማ፣ በሓድነት የሚኖሩ ሁለት አዛውንት ይታሰቡ። ሁለቱም 15 ነጥብ አላቸው፤ ሁለቱም ሌሊት ሦስት ጊዜ ይነሣሉ። የአንደኛው መጸዳጃ ከመኝታቸው አጠገብ ነው። ሁለተኛው ግን በትራቸውን ይዘው፣ በጨለማ ግቢውን አቋርጠው፣ ብዙ ቤተሰብ ወደሚጋራው መጸዳጃ ይሄዳሉ። በሰባቱ ጥያቄዎች እኩል የሆኑት ሰዎች በስምንተኛው ይለያያሉ። ያለያያቸውም የቤቱ አሠራር ነው። ሴቶችም ጨለማውን ፈርተው ሽንታቸውን እስኪነጋ ይይዛሉ።

የውኃው ነገር ደግሞ አለ። ለብዙ ዘመን ከዓይናለም ጉድጓዶች ሲቀዳ የኖረው የመቀሌ ውኃ ለከተማው አልበቃ ብሎ በተራ ሲታደል ኖሯል። ውኃ በጠፋበት ቤት መጠጥ ይቀነሳል፤ መመላለሱን ፈርቶ ሆን ብሎ የሚጠማም አለ። የወፈረ ሽንት ግን ፊኛን ያስቆጣል፣ ጠጠርም ያመጣል። ሐኪሙ ውኃ ጠጡ ቢል እውነቱን ነው፤ ቧንቧው ግን በሐኪሙ እጅ አይደለም።

ብዙዎች “የእርጅና ነው” ብለው ችግራቸውን ለጤና ጣቢያ ሳይናገሩ ይቀራሉ። የመጡትን ግን ነርሷ ስምንተኛውን ጥያቄ ስትጠይቅ፣ መጸዳጃው ስንት እርምጃ እንደሚርቅና መብራት እንዳለው አብራ ብትመዘግብ፣ ወረቀቱ ለመሐንዲስም ይነበባል።