ሥልጠናው ከበር ይጀምር
(አንዲት መምህርት አባላችን በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ያደረገችው ንግግር)



እዚህ ሞጆ ሳስተምር ድምፁ የቀጠነ፣ ከሴቶች ጋር ሱዚ የሚጫወት ተማሪ ነበረኝ። አንድ ቀን "ሴታሴት" ሲሉት ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። በመንፈቁ ትምህርቱን ተወ። በኋላ ያየሁት ደረቅ ወደቡ አካባቢ ከባድ መኪና ሲያጥብ ነው። "ወንዳወንድ" የሚሏትም ልጅ አንገቷን ደፍታ ነው የምትውለው።

"ሕጉስ?" የሚል አይጠፋም። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ይቀጣል። የሚናገረው ግን ስለ ድርጊት ነው፤ በልጅ ድምፅና አረማመድ ፍረዱ አላለንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ደግሞ ልጆችን በትምህርት ቤት ከጭካኔ ይጠብቃል።

የምጠይቀው ትምህርት ሳይጀመር የግማሽ ቀን ሥልጠና ነው። ዘበኛና ጽዳት ሠራተኛም ይግቡ፤ ስድቡ የሚበረታው በር ላይና መጸዳጃ ቤት ነውና። የምንማረው ሦስት ነገር ነው፦ ቅጽል ስም አለማውጣት፣ ልጅ ሲሰደብ ዝም አለማለት፣ ያዋየንን ምስጢር አለማውጣት። ወጪው ሻይና ወረቀት ነው።

ያን ቀን ከመሳቅ ይልቅ "ተዉ" ማለት ነበረብኝ። የሚለውን ቃል ግን ማንም አላስተማረኝም ነበር።