ነገርን ከሥሩ፤ በአንድ አሮጌ ፒካፕ ቦቢና ላይ ያደረግነው ምርመራ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ አባሎች የተሰጠ ንግግር)



በዛሬው በዓል ልንነግራችሁ ያሰብነው ነገር ከሩቅ አገር የመጣ አይደለም። እዚሁ በጉለሌ፥ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ በሚወጣው አቀበት ላይ የሆነ ነው። የአንድ ጓደኛችን አባት አንዲት አሮጌ የቤንዚን ፒካፕ አለቻቸው። ሌሊት ተነሥተው ወደ ሱሉልታ ይሄዱና ወተት ጭነው ማለዳ ወደ ከተማ ይመለሳሉ። የቤተ ሰቡ መተዳደሪያ፥ የልጆቹም ደብተርና ጫማ የሚገኘው ከዚህች መኪና ነው።

ባለፈው ዓመት በ5 ወር ውስጥ የመኪናዪቱ ቦቢና 3 ጊዜ ተቃጠለ። የሚቃጠለውም ሁልጊዜ አቀበቱ ላይ ነው። መኪናዪቱ በቆመች ቁጥር ወተቱ ይበላሻል፤ ደንበኛው ይቀየማል፤ ለአዲስ ቦቢና ገንዘብ ይወጣል። ከሁሉ የከፋው ግን ጥርጣሬው ነበር። «አዲስ ዕቃ እንዲህ ቶሎ አይቃጠልም፤ ረዳቱ አዲሱን ሸጦ አሮጌ ቢገጥም ነው» ተባለ። ረዳቱ በዕድሜ ከእኛ ብዙ የማይበልጥ ወጣት ነው፤ ከሥራው ሊባረር ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። እውነቱን ለመናገር እኛም ወሬውን አምነን ነበር። ጓደኛችን ግን «ሳንመረምር አንፍረድ» ስላለን ለምርመራ ተነሣን።

ቦቢና ምን እንደ ሆነ አስቀድመን እንግለጽ። በአንድ ብረት ላይ የተጠመጠሙ ሁለት የመዳብ ሽቦዎች በውስጡ አሉ። አንዱ ወፈር ያለና ጥቂት መቶ ዙር ያለው ነው፤ ሁለተኛው እጅግ ቀጭንና ብዙ ሺህ ዙር ያለው ነው። ከባትሪው የሚመጣው 12 ቮልት በወፍራሙ ሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ቆይቶ ፑንቲናው ከፈት ብሎ ሲያቋርጠው፥ በቀጭኑ ሽቦ ላይ ከ10,000 ቮልት በላይ ይነሣል። ይህም ወደ ካንዴላው ሄዶ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ ይሰጣል። የዚህን ሥራ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ ነው። በባትሪና በፑንቲና ለመኪና እንዲያገለግል አድርጎ ያደራጀው ደግሞ አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ ነው።

የፊዚክስ መምህራችን ቴስተር አዋሱን፤ በሰፈራችን የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክም ሊመሩን ፈቀዱ። «ልጆቼ፥ የሞተውን ተዉትና የገደለውን ፈልጉ» አሉን። እኛም በተራ ጀመርን።

መጀመሪያ ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ላይ ለካን፤ 14 ቮልት ሆነ። ስለዚህ ባትሪውን የሚሞላው ክፍል ከመጠን በላይ አልሰጠም። ቀጥሎ ካንዴላዎቹንና ወደ እነርሱ የሚሄዱትን ገመዶች አየን። የካንዴላው ክፍተት ከሰፋ ወይም ገመዱ ከተቆረጠ ብልጭታው መውጫ አጥቶ በቦቢናው ውስጥ ይፈነዳልና። እነርሱም ደኅና ነበሩ። በሦስተኛው የአዲሱን ቦቢና ወፍራም ሽቦ ብንለካ 1.5 ኦም ሆነ። በዚህ ጊዜ መካኒኩ «ታዲያ ሬዚስተሩ የት አለ?» ብለው ጠየቁን።

እንዲህ ያለው ቦቢና ለብቻው እንዲሠራ አልተሠራም። ከውጭ ሌላ 1.5 ኦም ያህል ሬዚስተር፥ ብዙውን ጊዜ በነጭ ሸክላ የተሸፈነ፥ ከፊቱ መኖር አለበት። ብንፈልግ ሸክላው ተሰንጥቆ ተንጠልጥሎ አገኘነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ሽቦውን በቀጥታ አገናኝቶ በጥቁር ፕላስተር ጠቅልሎታል። ሞተሩ ይነሣ ስለ ነበር ማንም አልጠረጠረም።

አሁን በክፍል የተማርነው ሒሳብ አገለገለን። ፑንቲናው ገጥሞ ሳለ፥ ሬዚስተሩ ካለ 12 ቮልት ለ3 ኦም ሲካፈል 4 አምፔር ይሆናል። ሬዚስተሩ ከሌለ ግን ለ1.5 ኦም ሲካፈል 8 አምፔር ነው። ከረንቱ እጥፍ ሲሆን በቦቢናው ላይ የሚደርሰው ሙቀት 4 እጥፍ ይሆናል፤ ከ24 ዋት ወደ 96 ዋት ይደርሳል ማለት ነው። በአቀበቱ ላይ ደግሞ ሞተሩ ይግላል፤ መኪናዪቱ ቀስ ስለምትል ነፋስ አያገኛትም። አገራችን ብርድ ስለ ሆነ ማንም ሙቀትን ጠላት ብሎ አላሰበም።

አንድ ነገር ቀረ። ወተቱ እስኪጫን ድረስ ባለመኪናው ሞተሩን አጥፍተው፥ ኳድሮውን ግን ከፍተው ሬዲዮ ይሰሙ ነበር። ፑንቲናው ገጥሞ ከቆመ በዚያ ጊዜ ሁሉ ቦቢናው ያለ ዕረፍት ይበስላል። ይህን ስንነግራቸው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ረዳቱን አስጠርተው በሁላችን ፊት «ልጄ፥ ይቅር በለኝ፤ በደልሁህ» አሉት። እርሱም ራሱን ዝቅ አድርጎ እጃቸውን ሳመ። እኛም ተራችንን ጠብቀን ይቅርታ ጠየቅነው።

አዲስ ሬዚስተር ተገጠመ። ኳድሮው ተከፍቶ ፑንቲናው ገጥሞ ሳለ በቦቢናው መግቢያ ላይ ብንለካ፥ ቀድሞ 12 ቮልት ያህል የነበረው አሁን ወደ 6 ወረደ። ከአቀበቱ በኋላ በእጃችን ብንነካው ይሞቃል እንጂ አያቃጥልም። ይኸው ክረምቱ አልፎ በጋው ተጋምሷል፤ ያው ቦቢና ይሠራል፤ ያው ረዳትም በሥራው ላይ ነው።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። አንድ ዕቃ ደጋግሞ ሲቃጠል ሌላ ከመግዛት በፊት፥ ይልቁንም ሰውን ከመክሰስ በፊት፥ መለካት እንደሚገባ ከዚህች መኪና ተምረናል። ለዚህ የሚያስፈልገን አንድ ቴስተር፥ ጥቂት ሒሳብና ትዕግሥት ብቻ ነበር።