ወደ ቆላ ለመዛወር ያሰበ ወጣት ቤተሰብ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው ነገር

ለሰሜን ጎንደር ደጋ ገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ምርጥ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ አይደለም፤ ስለ ቤተሰብ ነው። ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከጃናሞራና ከበየዳ ደጋ ተነሥተው፣ ኑሮ ይቀልልናል ወደሚሉት ሀገር ለመዛወር የሚያስቡ ወጣት ባልና ሚስት ብዙዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ጓዛቸውን ከመጫናቸው በፊት ምን መመርመር እንዳለባቸው በዝርዝር እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ይህ ሐሳብ ከስንፍና የመጣ አለመሆኑን ማወቅ ይገባል። በአማራ ክልል በብዙ ቦታ የመጨረሻው የመሬት ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ መሬት የሚያገኘው ከአባቱ ተካፍሎ፣ ተከራይቶ፣ ወይም በእኩል አርሶ ነው። አባት ለአራት ልጆች ያካፈለው ማሳ ለአንዱም አይበቃም። ያውም ማሳው ተዳፋት ላይ ከሆነ አፈሩ በየክረምቱ እየታጠበ ይሄዳል። ጎንደር ከተማ ወርዶ የቀን ሥራ የሚሠራውም ቢሆን፣ ያገኘው ገንዘብ ለቤት ኪራይና ለእህል መግዣ ውሎ ለልጁ ደብተር የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ ወጣቱ ዓይኑን ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ታች አርማጭሆ ቢያነሣ አያስደንቅም።

ነገር ግን ሰው ከቦታ ወደ ቦታ ሲዛወር ዛሬ የመጀመሪያው አይደለም። ከቀደሙት መማር ይገባል። ሦስት ምሳሌ እናንሣ።

አንደኛው በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ የተደረገው ሰፈራ ነው። ያን ጊዜ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 የሚሆን ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ መተከልና ወደ ሌላም ቦታ ተወሰደ። ብዙው ሰው የሄደው ወዶ አልነበረም፤ ቤተሰብም ተለያየ፤ በበሽታ ያለቀውም ብዙ ነው። መንግሥቱ ሲለወጥ ወደ ትውልድ ቀየው የተመለሰው ሰው ቀላል አልነበረም። ከዚህ የምንማረው፣ ወዶ ያልሄደና ቤተሰቡን ያልያዘ ሰው በሄደበት ሥር እንደማይሰድ ነው።

ሁለተኛው በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የሰፈራ ፕሮግራም ነው። ዕቅዱ በሦስት ዓመት ውስጥ 440,000 ቤተሰብ በአራት ክልሎች ለማስፈር ነበር። ከቀድሞው የተሻለበት ምክንያት፣ ሰፋሪው በፈቃዱ፣ ያውም በገዛ ክልሉ ውስጥ እንዲሄድ በመታሰቡ ነው። እስከ 2 ሄክታር መሬት እንዲሰጠው፣ በትውልድ ቀየው ያለው የመሬት መብት ለ3 ዓመት እንዲጠበቅለት፣ የተቀባዩም ሕዝብ ፈቃድ አስቀድሞ እንዲጠየቅ በዕቅዱ ተጽፎ ነበር። በዚህ ፕሮግራም ብዙ የደጋ ሰው ወደ መተማና ወደ ቋራ ወረደ። ሰሊጥ ዘርቶ ቤት የሠራ አለ፤ ወባ ልጁን ቀምቶት ባዶ እጁን የተመለሰም አለ። መሬቱ ለሁለቱም አንድ ነበር፤ ልዩነቱን ያመጣው አስቀድሞ የተደረገው ዝግጅት ነው።

ሦስተኛው ከዚሁ ከቅርባችን ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተቆጥሮ ነበር። በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ፣ ቁጥሩ 418 ቤተሰብ የሚሆን፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወረ። በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ለሀገር ጥሩ ነገር ነው። ሆኖም ገብስ ሲያርስና በግ ሲያረባ የኖረ ሰው ከተማ ሲገባ ሌላ ሙያ መማር ግዴታው ይሆናል። የካሣ ገንዘብ አንድ ጊዜ ይቆጠራል፤ ገብስ ግን በየዓመቱ ይታጨዳል። እንግዲህ የሚዛወር ሰው «ቤት አገኛለሁ ወይ?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ «በየዓመቱ ምን አጭዳለሁ?» ብሎም መጠየቅ አለበት።

ከሦስቱም ምሳሌዎች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ይኸውም መሬት ብቻውን ሀገር አይሆንም የሚል ነው። ሀገር የሚሆነው መሬት፣ ጤናና ጎረቤት ሲሟሉ ነው። የ1995ቱ ፕሮግራም ጊዜው ስላለፈ፣ በራሱ ፈቃድ ወደ ቆላ የሚወርድ ቤተሰብ መሬት የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ በኪራይ ወይም በእኩል ነው። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት ቀጥሎ ያሉትን ስድስት ነገሮች ይመርምር።

1ኛ፤ ሀገሩን በሁለት ወቅት ማየት። ቆላን በጥር ብቻ ያየ ሰው ግማሹን አላየም። በጥር መንገዱ ደረቅ ነው፤ ገበያው የሞላ ነው፤ ትንኝም የለም። በነሐሴ ግን መንገዱ ይቆረጣል፤ ጥቁሩ አፈር እግር ይይዛል፤ ወንዙ ይሞላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በበጋ፣ አንድ ጊዜ በክረምት ሄዶ ማየት ይገባል። ባል ብቻውን አይሂድ፤ ከተቻለ ሚስትም ትይ። ባል የሚያየው ማሳውን ነው፤ እርስዋ ግን ውሃው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ወፍጮው የት እንዳለ፣ ጤና ጣቢያውና ትምህርት ቤቱ በእግር ስንት ሰዓት እንደሚያስኬዱ ትጠይቃለች። የቤተሰቡን ኑሮ የሚወስነው ይህ ነው።

2ኛ፤ እስከ መጀመሪያው አዝመራ ያለውን ቀለብ ማስላት። በሀገራችን የዕርዳታ እህል ሲታደል የተለመደው መጠን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ነው። በዚህ መጠን አራት ነፍስ ያለው ቤተሰብ በወር 60 ኪሎ ይፈልጋል። በየካቲት ወርዶ በኅዳር ማሽላ የሚያጭድ ከሆነ 9 ወር ይጠብቃል፤ ይኸውም 5 ኩንታል ከ40 ኪሎ እህል ማለት ነው። የዘር፣ የአረም ጉልበትና የመሬት ኪራይ ገንዘብ ከዚህ ውጭ ነው። ይህን ሳይዝ የወረደ ሰው ሰሊጡን ገና በቁሙ ለነጋዴ በርካሽ ይሸጣል፤ ወይም በከባድ ወለድ ይበደራል። በመስከረም ሰሊጥ ደርሶ የሚስቀው ነጋዴው ነው፤ ገበሬው ግን ዕዳውን ከፍሎ ባዶ ጆንያ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ከማሳው የሚበልጠውን ለቀለብ ማሽላ መዝራት፣ ሰሊጡን በቀረው ላይ መሞከር ይሻላል።

3ኛ፤ የደጋውን ይዞታ አለመልቀቅ። ትንሽም ቢሆን መሬት ያለው ሰው ሳያስመዘግብ ለሌላ ትቶ አይሂድ። ለወንድም ቢያከራይም፣ በእኩል ቢሰጥም፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በቀበሌው የመሬት አስተዳደር ይመዝገብ። ቀየውን ለቆ መኖር በይዞታ መብቱ ላይ ምን እንደሚያስከትልም ከዚያው ቢሮ አስቀድሞ ይጠይቅ። በቃል የተሰጠ መሬት ከጥቂት ዓመት በኋላ ወንድምን ከወንድም ያጣላል። የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ ደብተር የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ ያለበት ነው። ስለዚህ በአዲሱ ቦታም የሚደረገው ውል የሚስት ስም እንዲኖርበት ያስፈልጋል። ባል ቢታመም ወይም ቢሞት፣ በባዕድ ሀገር ልጆች ይዛ የምትቀረው እርስዋ ናት።

4ኛ፤ ጤና። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ የመተማ ቆላ አብዛኛው ከ1,000 ሜትር በታች ነው። ደጋ ያደገ ሰው ወባን የሚቋቋምበት ልማድ በሰውነቱ የለም። በ1940ዎቹ አጋማሽ ወባ በደምብያ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቶ ነበር፤ ጎንደር ላይ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲከፈት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ በየካቲት ይውረድ እንጂ በመስከረም አይውረድ፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነውና። አጎበር ለእንግዳ መቀበያ ተብሎ አይቀመጥ፤ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ከሁሉ በፊት ይተኙበት። ትኩሳት የያዘው ሰው «ነገ ይለቀኛል» ሳይል በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ከወባ ሌላ ካላዛር የሚባል በሽታ አለ። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የሚባል፣ በጥቁር አፈር ስንጥቅና በዛፍ ሥር የሚኖር፣ በሌሊት የሚናከስ ትንሽ ዝንብ ነው። ስለዚህ ለአረምና ለአጨዳ የወረደ ሰው ያለ አጎበር በዛፍ ሥር መተኛት የለበትም። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ይህ በሽታ ሲነሣ፣ በመጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበር። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሰውነት ከከሳ፣ በግራ ጎን ጣፊያ ካበጠ፣ «ካላዛር እንዳይሆን መርምሩኝ» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሳይታከም ከቀረ ይገድላል፤ ቶሎ ከታከመ ግን የሚድን በሽታ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የተለየ ማከሚያ አለ።

5ኛ፤ ከብትና ሰብል። የደጋ በሬ ሙቀቱን ቶሎ አይለምደውም፤ ተናካሽ ዝንብ የሚያመጣው ገንዲም ያሰጋዋል። ሁለቱንም በሬ ይዞ ከመውረድ ይልቅ እዚያው የለመደ አንድ በሬ ገዝቶ ከጎረቤት ጋር መቀናጆ መግባት ይበጃል። ሰሊጥ ደግሞ ለደጋ ገበሬ አዲስ ሰብል ነው። የታችኞቹ ፍሬዎች ቢጫ መሆን ሲጀምሩ ሳይከፈቱ ማጨድ፣ ነዶውን ቀጥ አድርጎ ማቆምና ሲደርቅ በሸራ ላይ ማራገፍ ያስፈልጋል። ጥቂት ቀን የዘገየ ሰው ምርቱን መሬት ላይ ይለቅማል። በአንድ ማሳ ላይ በየዓመቱ ሰሊጥ ብቻ መዝራትም ጥሩ አይደለም፤ ከማሽላ ጋር ማፈራረቅ ይገባል።

6ኛ፤ ጎረቤት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። በመተማና በቋራ ከሰፋሪው በፊት የኖረ ሕዝብ አለ፤ ጉሙዝም አለ፤ ከወሎና ከሌላም ቦታ ቀድሞ የመጣ አለ። ባዶ የሚመስለው መሬት የእነርሱ የከብት ግጦሽ፣ የማር ቦታ ወይም ዕጣን የሚለቅሙበት ደን ሊሆን ይችላል። የዕጣን ዛፍ ቆርጦ ማሳ የሚያሰፋ እንግዳ፣ ደኑንም የጎረቤቱንም ልብ አብሮ ይቆርጣል። የሚገባው ሽማግሌዎቹን መጠየቅ፣ በደቦና በወንፈል ቀድሞ መገኘት፣ እንደ ደረሱም እድር መግባት ነው። እድር የሌለው ቤተሰብ በሐዘኑ ቀን ብቻውን ይቀራል። ለመቀበል ፈቃድ በሌለበት ሰፈር ግን መሬቱ ምንም ርካሽ ቢሆን አይግባ፤ ርካሽ የሆነበት ምክንያት ምናልባት ያ ሊሆን ይችላልና።

ስለ ጸጥታም መናገር ግዴታ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ የመተማ ድንበር ብዙ ስደተኛ ተቀበለ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ መጨረሻ በክልላችን ጦርነት ተነሥቶ በመንገድና በገበያ ላይ ችግር አደረሰ። ስለዚህ መንገዱ ደኅና መሆኑን ባለፈው ዓመት ከሰሙት ሳይሆን በዚያው ሳምንት ከመጣ ሰው መጠየቅ ይገባል። መልሱ አስተማማኝ ካልሆነ ጉዞውን ማዘግየት እንደ ፍርሃት አይቆጠርም።

ለእናንተ ለልማት ሠራተኞች ደግሞ የምንለው ይህ ነው። ለመሄድ የሚያስብ ወጣት ሲመጣባችሁ «ሂድ» ወይም «ቅር» አትበሉት። ከሚስቱ ጋር አስቀምጣችሁ ቀለቡን፣ ኪራዩንና የጉዞውን ወጪ በወረቀት ላይ አስሉለት። በሚወርድበት ወረዳ ላለው የሥራ ባልደረባችሁ ደብዳቤ ጽፋችሁ ስጡት፤ በአዲስ ሀገር አንድ የሚያውቀው ሰው ስም ከአንድ ኩንታል እህል አያንስም። እናንተም በተቀባዩ ወረዳ ያላችሁ፣ አዲሱን ቤተሰብ በመጀመሪያው ወር ጎብኙት፤ ጤና ጣቢያውንና ሽማግሌዎቹን አስተዋውቁት። ሒሳቡ አልመጣ ያለውም ሰው ቢኖር ባዶ እጁን አይመለስ፤ በደጋው በኪራይ መሬት፣ በድንች፣ በንብ ወይም በበግ ማድለብ ምን ሊሠራ እንደሚችል አብራችሁ ፈልጉ።

ወጣቶች ሆይ፤ መሄድ ነውር አይደለም፤ መቅረትም ሽንፈት አይደለም። ቀለቡን ያሰላ፣ ደብተሩን ያስጠበቀ፣ አጎበሩን የያዘና ጎረቤቱን የጠየቀ ሰው፣ ቢሄድም ቢቀርም ቤቱ ይቆማል። ዛሬ ማታ ባልና ሚስት አብራችሁ ተቀምጣችሁ እነዚህን ስድስት ነገሮች አንድ በአንድ ተነጋገሩባቸው። መልስ ያላገኛችሁለትን ይዛችሁ ወደ ልማት ሠራተኛችሁ ኑ።