የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች አመራርና የወለጋ በቆሎ



የወለጋ እህልና የድርቅ ጉዳይ የቆየ ትስስር አላቸው። በ1977 ዓ.ም. በድርቅ ከተጎዱት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ከተነሡት ወገኖች እጅግ ብዙዎቹ በያኔው የወለጋ ክፍለ ሀገር እንደሠፈሩ ይታወሳል። የአንገርና የዴዴሳ ሸለቆዎችም በቆሎ አብቃይ እንደመሆናቸው፣ በነቀምት ገበያ የሚሆነው ነገር ሩቅ ያለውን ተረጂ ሳይቀር ይነካል።

ለዚህ ዋነኛው ማስረጃ የ1994 ዓ.ም. ሁኔታ ነው። ሁለት ዓመት በተከታታይ ጥሩ ምርት ከተገኘ በኋላ የበቆሎ ዋጋ ወደ 80 በመቶ ገደማ ወደቀ። ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውን የሚከፍለው ምርቱ እንደተሰበሰበ ስለሆነ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለመሸጥ ተገደደ፤ ማኅበራቱም ገዝተው የሚያቆዩበት ገንዘብም ሆነ በቂ መጋዘን አልነበራቸውም። የከሰረው ገበሬ በተከታዩ መኸር ማዳበሪያ ቀነሰ። በዚያው ክረምት ዝናብ አጠረ፤ በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ።

ከዚህ በፊት የነበሩት የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት እህልን በመንግሥት በተቆረጠ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን በኮታ ያስረክቡ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ መጋዘኖቻቸው ተዘረፉ። ገበሬው የራሴ ነው ብሎ ያልቆጠረውን ንብረት ሊጠብቅ አልተነሣም። አዋጅ ቁጥር 147/1991 ይህንን ለማረም ለእያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ ሰጠ፤ ከተጣራ ትርፍም 30 በመቶው ለመጠባበቂያ እንዲያዝ ደነገገ። ይህ መጠባበቂያ ዋጋ በወደቀበት ዓመት ማኅበሩን የሚያቆመው ምሰሶ ነው። ይሁን እንጂ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ «ይከፋፈል» የሚለው ድምፅ ዘወትር ይበረታል፤ የተቸገረ ሰው ድምፅ ነውና አያስወቅስም።

መቀመጫውን በነቀምት ያደረገውን ጊቤ ዴዴሳን የመሰሉ የእህል ዩኒየኖች ከቡና ዩኒየኖች ይልቅ ሥራቸው የከበደ ነው። በሚገባ የደረቀ ቡና ገዢውን መጠበቅ ይችላል፤ በቆሎ ግን እርጥበቱ ወደ 13 በመቶ ካልወረደ ይሻግታል፣ ነቀዙም ቀን አይሰጥም። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከዩኒየኖች ጋር የቅድሚያ ግዢ ውል መዋዋል ሲጀምር ውሉ ራሱ ለባንክ ብድር ዋስትና ሆኖ ማገልገሉ ትልቅ መፍትሔ ነበር። ነገር ግን ከውሉ በኋላ የገበያው ዋጋ ከፍ ካለ አባሉ ለነጋዴ ይሸጣል፤ ዩኒየኑም ዕዳና ባዶ መጋዘን ይዞ ይቀራል። አባሉን በስብሰባ መገሠጽ ብዙ አልፈየደም። የሚበጀው በርክክብ ዕለት አብዛኛውን ዋጋ በእጁ ከፍሎ፣ ቀሪውን ከሽያጭ በኋላ እንደ ድርሻው ማከፋፈል ነው። ይህም የሚሆነው የተቀጠረው ሥራ አስኪያጅ፣ የተመረጠው ቦርድና ንብረት ጠባቂው አንዱ የሌላውን መዝገብ ሲቆጣጠር ብቻ ነው።

ባንክ ኦዲት ያልተደረገ ሒሳብ ይዞ ለቀረበ ዩኒየን አያበድርም። ሒሳብ የሚዘጋው ሰኔ 30 ሲሆን በቆሎው የሚሰበሰበው ከኅዳር ጀምሮ ነው። ስለዚህ የወረዳና የዞን ኦዲተሮች ሐምሌንና ነሐሴን በማኅበራቱ ጽሕፈት ቤቶች ቢያሳልፉ፣ የብድሩ ማመልከቻ በመስከረም ሊቀርብ፣ ገንዘቡም ገበሬው ለነጋዴ ከመሸጡ በፊት በዩኒየኑ እጅ ሊገባ ይችላል።