ከስሕተቱ በታች አለመውረድ፤ በተሽከርካሪ ላይ የተደራረቡ የቪኒል ጽሑፎችን ስለ ማረም



የዛሬው ርእሴ ለእንዲህ ዓይነቱ መድረክ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በየዕለቱ ከቤት ስንወጣ ዓይናችን ከሚያርፍባቸው ጽሑፎች ብዙዎቹ በተሽከርካሪዎች አካል ላይ የተለጠፉ ናቸው። ስሕተታቸውም አብሯቸው በከተማው ሲዞር ይውላል። ስለ እርማቱ ለመናገር ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ወደ ማስተማር ከመግባቴ በፊት በአንድ የማስታወቂያ ሥራ ቤት እሠራ ነበር። አንድ ቀን በአንድ ነጭ አምቡላንስ በር ላይ «ድንገተኛ» የሚለውን ቃል ለጠፍን፤ ከሥር ሰፋ ያለ ፈዛዛ ቢጫ፣ ከላይ ጠበብ ያለ ቀይ። ከተቆረጠው ቀይ ቪኒል ትርፉን ስንነቅል በ«ኛ» ራስ ላይ ያለችው አግዳሚ ሰረዝ ሳናስተውላት አብራ ሄዳ ኖሯል። ፈዛዛዋ ቢጫ በነጩ ላይ ከሩቅ ስለማትለይ ቃሉ «ድንገተና» ተብሎ ተነበበ። እኔም በማግስቱ፣ በኀፍረትና በችኮላ፣ ፊደሉን ከነሁለት ንብርብሩ ያዝሁና ሳብሁት። በሩ ቀደም ሲል ተጋጭቶ በጋራዥ የተቀባ ነበርና ቀለሙ ከቪኒሉ ጋር ተልጦ መጣ። በአንዲት ሰረዝ የጀመረው ስሕተት መኪናውን ለቀናት ከአገልግሎት አስወጣው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የያዝሁት ደንብ አንድ ነው፤ እርማት ከስሕተቱ ጥልቀት በታች አይውረድ። ይህን ለመጠበቅ ከመንካታችን በፊት ሦስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ።

አንደኛ፣ ስሕተቱ ያለው በየትኛው ንብርብር ነው? በእኔ ሥራ የጎደለው የላዩ ብቻ ነበር፤ የታችኛው ቢጫ ትክክለኛውን ፊደል ከነሰረዙ ይዞ ቆይቷል። ያንን እንደ መሪ ተከትዬ አንዲት ቀይ ሰረዝ ብጨምር ይበቃ ነበር። በሌላ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በጋለ ሮለር ተዳምጦ የሚሠራው ቪኒል ከጊዜ ብዛት ይኮማተራል፤ በፈሳሽነቱ ተዘርግቶ የሚደርቀው ግን እምብዛም አይኮማተርም። የሚኮማተረው ከሥር ከተለጠፈ የላዩን ይዞ ይሸበሽበዋል። እንዲህ ሲሆን የላዩን ብቻ መቀየር ስሕተቱን መድገም ነው።

ሁለተኛ፣ ሙጫው ምን ያህል ይዟል? ይህ ሙጫ ሲጫኑት የሚይዝ ነው፤ ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘው ግን ከአንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የላዩን ቀስ ብሎ አንሥቶ ማስተካከል ይቻላል፤ የታችኛው ገና ትኩስ ከሆነ ግን አብሮ ይነሣል። ስለዚህ የታችኛው እስኪይዝ መታገሥ ግማሽ እርማት ነው። የቆየውን ለማንሣት ለብ አድርጎ ማሞቅ፣ ጠርዙን ወደ ራሱ አጥፎ በዝግታ መሳብ ይገባል። ሙቀት ከበዛ ቪኒሉ ይለጠጣል፤ ሙጫውም ከመኪናው ላይ ይቀራል። ለዓመታት በፀሐይ የቆየ ቪኒል ደግሞ ደርቆ እየተሰባበረ ይነሣልና ከዚህም የበለጠ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ከሁሉም ሥር ያለው ቀለም ምንድን ነው? በፋብሪካ የተጋገረ ቀለም ስንጎትተው በአብዛኛው ይጸናል፤ በጋራዥ የተቀባው ግን ዋስትና የለውም። የአምቡላንሱን ሾፌር አንድ ጥያቄ ብጠይቀው ኖሮ ሁሉን ይነግረኝ ነበር። ምላጭንም ቢሆን ቀለሙ ላይ አሳርፈን አንቁረጥ፤ ጭረቱ ውኃን ወደ ብረቱ ያደርሳል፣ ዝገትም ይከተላል።

ሁሉም ጉድለት መንቀልን አይጠይቅም። በሁለት ንብርብር መካከል የተያዘ አየር በቀጭን መርፌ ከዳር ተወግቶ፣ ወደ ቀዳዳው ተዳምጦ ይወጣል። በአንጻሩ የደበዘዘ ጽሑፍ ላይ ግማሽ ፊደል መቀየር አዲሱንና አሮጌውን ቀለም ጎን ለጎን ያጋልጣል፤ ያን ጊዜ ሙሉውን ቃል፣ ወይም እስከ በሩ መጋጠሚያ ያለውን መቀየር ይሻላል። ይህ ከደንቡ ጋር አይጋጭም፤ በስፋት እንጨምር እንደሆነ እንጂ ሳያስፈልግ ወደ ጥልቀት አንወርድም።

የብራና ጸሐፊዎቻችን የተሳሳተውን ፊደል ብቻ ፍቀው፣ የተዘለለውንም ቃል ከመሥመሩ በላይ ጽፈው ያርሙ ነበር፤ ስለ አንድ ቃል ብለው ብራናውን አልጣሉም። በፊደላችን አንዲት ሰረዝ ድምፅን ትለውጣለች፤ ስለዚህ ትርፍ ቪኒል የሚነቅለው እጅ ማንበብ የሚችል እጅ መሆን አለበት። ተማሪዎቼን ከመለጠፋችሁ በፊት ሥራውን ላልሠራው ሰው አስነብቡ የምላቸው ለዚህ ነው። ያ አምቡላንስ በጋራዥ የቆመባቸውን ቀናት አንድ አንባቢ ሊያስቀራቸው ይችል ነበር።