ስለ ሆድ ድርቀት መድኃኒት አወሳሰድ

(ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው በኬንያ ሞያሌ ለሚገኙ ወገኖቻችን በተዘጋጀው የጤና ትምህርት ላይ አንድ ስደተኛ መምህር ያደረጉት ንግግር ነው።)



እንደምታውቁኝ እኔ የልጆች አስተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት በክሊኒኩ በሚሰጡት መድኃኒቶች ላይ የሚጻፈው እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ስለሆነ፣ ብዙዎቻችሁም ጠርሙሱን ይዛችሁ «መምህር፣ ይኼ ምን ይላል?» እያላችሁ ስለምትመጡ ነው። የምነግራችሁም በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ያለውንና የክሊኒኩ ነርሶች ያስረዱኝን ነው።

ርዕሱን የሰሙ አንዳንድ ወጣቶች ሲሥቁ አይቻለሁ። ይሣቁ። ስለ ወባና ስለ ተቅማጥ በአደባባይ እናወራለን፤ ስለ ሆድ ድርቀት ግን ማንም አፉን አይከፍትም። ትልቅ ሰው ክሊኒክ ሄዶ በአስተርጓሚ ፊት ስለ ሰገራው መናገር ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ «ራሴን አሞኛል» ይልና የራስ ምታት ክኒን ይዞ ይመለሳል። ማታ ደግሞ ከጎረቤት የተረፈ የሆድ መድኃኒት ተበድሮ ይጠጣል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ብድር ነው።

በመጀመሪያ፣ በየቀኑ «ወገቤን ልሞክር» ብሎ አለመውጣት ብቻውን በሽታ አይደለም። የሰው ልማድ ይለያያል። ድርቀት የሚባለው በሳምንት ከ3 ጊዜ በታች ሲሆን፣ ሰገራው እንደ ጠጠር ሲደርቅ፣ በብዙ ማማጥ ሲወጣና ወጥቶም ያላለቀ ሲመስል ነው። ይህ ለወራት ከቀጠለ ሥር የሰደደ ይባላል። በእኛ ኑሮ ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ውኃ የሚደርሰን በጀሪካን ተቆጥሮ ነው። ምግባችን በአብዛኛው የበቆሎ ዱቄት ነው። ሥራ ስለሌለ መቀመጥ ይበዛል። ሴቶች በጨለማ ወደ መጸዳጃ መሄድ ስለሚፈሩ እስኪነጋ ይይዙታል፤ የተያዘ ሰገራ ደግሞ አንጀት ውኃውን እየመጠጠው ይብሱን ይደርቃል። ጫትም ሆድ ያደርቃል፤ ቃሚዎች ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። እንደ ኮዴይንና ትራማዶል ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች፣ ለነፍሰ ጡሮችም የሚሰጠው የአይረን ክኒን እንዲሁ ያደርቃሉ። እናቶች በዚህ ምክንያት አይረኑን በራሳችሁ ፈቃድ እንዳታቋርጡ፤ ለአዋላጇ ንገሯት።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። ለትልልቅ ሰዎች ከሚታዘዙት አንዱ ላክቱሎስ የሚባለው ጣፋጭ ሽሮፕ ነው። ላክቱሎስ ስኳር ነው፤ ነገር ግን ሰውነታችን ሊፈጨው የማይችል ስኳር ነው። ሳይፈጭ እስከ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፤ በዚያ ባሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ይብላላል፤ ውኃም ወደ አንጀት ይስባል። ሰገራው በዚህ ውኃ ይለሰልሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ የሚነፋውና ጋዝ የሚበዛውም ከመብላላቱ የተነሳ ነው፤ ብዙ ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ጠዋት የተወሰደ ላክቱሎስ ማታ ሥራውን አያሳይም፤ 1 ወይም 2 ቀን፣ አንዳንድ ጊዜ 3 ቀንም ይወስዳል። አንድ የማውቃቸው አባት የታዘዘላቸውን ጠዋት ጠጡ። እስከ ማታ ምንም ስላላዩ «ይኼ የስኳር ውኃ ነው» ብለው ደገሙ። በማግሥቱም እጥፍ አድርገው ወሰዱ። በ3ኛው ቀን የሁሉም መጠን ሥራ በአንድ ላይ መጣ፤ ያውም ውኃ በጠፋበት ሳምንት። ክሊኒክ የደረሱት በሰው ትከሻ ላይ ነበር። ጥፋቱ የመድኃኒቱ አልነበረም፤ ለመድኃኒቱ 2 ቀን አልተሰጠውም።

ለድርቀት አንድ ትልቅ ሰው በአብዛኛው የሚጀምረው በቀን ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ነው። ይህን የምናገረው በራሳችሁ እንድትለኩ ሳይሆን፣ ወረቀታችሁ ላይ ከዚህ በጣም የራቀ ቁጥር ካያችሁ እንድትጠይቁ ነው። መለኪያው ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣው ትንሽ ኩባያ እንጂ የቤት ማንኪያ አይሁን፤ የሾርባ ማንኪያ ሁሉ እኩል አይደለም። ሌላም ነገር አለ። ይኸው ሽሮፕ ጉበታቸው ክፉኛ ታሞ አእምሯቸው ለሚደናገር ሕመምተኞችም ይታዘዛል፤ ለእነርሱ የሚሰጠው ግን በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ በያንዳንዱም ጊዜ ከ30 እስከ 45 ሚሊ ሊትር ሊደርስ ይችላል። ጠርሙሱ አንድ ነው፣ መጠኑ ግን ፈጽሞ ይለያያል። የጎረቤትን ጠርሙስ ተውሶ በጎረቤት ልክ የሚጠጣ ሰው የማን ልክ እንደሆነ አያውቅም። የስኳር በሽታ ያለባችሁም በሽሮፑ ውስጥ ሌላ ጥቂት ስኳር ስለማይጠፋ ከመጀመራችሁ በፊት ተናገሩ።

ስለ ውኃው ጥቂት ልቆይ፤ እዚህ ዋናው ነገር እርሱ ነውና። መድኃኒቱ ወደ አንጀት የሚስበው ውኃ ከእኛው ሰውነት የሚገኝ ነው። ናይሮቢ ያለ ሐኪም «ብዙ ውኃ ይጠጡ» ብሎ ሲጽፍ ቧንቧ ያለው ቤት ታይቶት ይሆናል። በሞያሌ የበጋ ወራት ግን ከአንድ ጀሪካን ልጆቹ ይጠጣሉ፣ ይበሰላል፣ ይታጠባል፤ የሚተርፈውን የሚጠጣው ትልቅ ሰው ነው፣ መድኃኒቱን የሚወስደውም እርሱ። ስለዚህ በቤታችሁ ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ የሚጠጣውን ውኃ ጠዋት በጠርሙስ ለይታችሁ አስቀምጡለት፤ ሌላ ሰው አይንካው። ውኃ የማታገኙ ከሆነም ለነርሷ በግልጽ ንገሯት፤ ይህ ልመና ሳይሆን ለሕክምናው የሚያስፈልግ መረጃ ነው። በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም ሰዓቱ እንዲዛወርላችሁ ጠይቁ። ልብ ወይም ኩላሊት ታመው ውኃ እንዲቀንሱ የተነገራቸው ሰዎች ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክሩ መጨመር የለባቸውም። ሰገራው ውኃ ከሆነ፣ አፍ ከደረቀ፣ ሲነሱ ካዞረ፣ መድኃኒቱን አቁሞ ወደ ክሊኒክ መሄድ ነው።

ሌላው ቢሳኮዲል የሚባለው ትንሽ ክኒን ነው፤ አንዳንዶቻችሁ ዱልኮላክስ በሚለው ስም ታውቁታላችሁ። ይህ አንጀትን ቀስቅሶ የሚያንቀሳቅስ ነው። ማታ ከተወሰደ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሠራል፣ ይኸውም ሲነጋ ማለት ነው። ክኒኑ ጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ ልባስ አለው። ስለዚህ አይሰበርም፣ አይታኘክም። ወተት ልባሱን ያለጊዜው ስለሚያሟሟው ኃይለኛ ቁርጠት ያመጣል። በዚህ አገር ደግሞ ሻይ ማለት ከወተት ጋር የፈላ ሻይ ነው፤ የቦረናና የሶማሌ ጎረቤቶቻችንም የግመል ወተት ሳያቀርቡልን አይሸኙንም። ክኒኑን በንጹሕ ውኃ ብቻ ዋጡ፤ ከወተትና ከጨጓራ ማስታገሻ ቢያንስ 1 ሰዓት አርቁት። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ ለረጅም ጊዜ መውሰድም የሰውነትን ጨውና ፖታሲየም ያጎድላል፤ ለደም ግፊት የሚያሸና ክኒን ለሚወስዱ ይህ የበለጠ አደጋ ነው። አንዳንዶቻችን በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ከወዲያኛው ሞያሌ ስንሻገር ካርዳችንንም ክኒናችንንም ጥለን ነው የመጣነው። ነርሷ የድሮ ፋይላችሁን አላየችም፤ የምትወስዱትን ሁሉ ካልነገራችኋት አታውቅም።

እዚህ ላይ እንደ አስተማሪ ሁለት ነገር ላሳስብ። በከረጢቱ ላይ 2×1 ተብሎ ሲጻፍ 2 ክኒን በቀን 1 ጊዜ ማለት ነው። 1×3 ደግሞ 1 ክኒን በቀን 3 ጊዜ ነው፤ 3 ክኒን በአንድ ጊዜ የሚውጥ አይቻለሁ። ሁለተኛው የማብቂያው ዘመን ነው። ኢ፣ ኤክስ፣ ፒ ከሚሉት ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደሎች አጠገብ የሚጻፈው ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የእኛ 2018 ዓ.ም. በእነርሱ ከ2025 እስከ 2026 ይውላል። በእኛ ዘመን የሚያነብ ሰው ያለቀውን መድኃኒት ገና 7 ወይም 8 ዓመት የቀረው አድርጎ ያስቀምጣል፤ ከድንበሩ ወዲያም ሆነ ወዲህ ከሱቅ ስትገዙ ይህን አስተውሉ።

ከሁሉ የባሰው አደጋ ግን ሌላ ነው። በአገራችን አንጀት የሚዘጋበት አንዱ ዋና ምክንያት የአንጀት መጠምዘዝ ነው፤ በተለይም ወንዶችን ያጠቃል። ሆድ በድንገት እንደ ከበሮ ይነፋል፤ ሰገራ ብቻ ሳይሆን ጋዝም አይወጣም፤ ቁርጠትና ትውከት ይከተላል። ቤተሰብ «ሆዱ ደርቋል» ብሎ ሽሮፑን፣ ክኒኑን፣ ኮሶውን፣ የጉሎ ዘይቱን ያጠጣዋል። የተዘጋ አንጀት ላይ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መጨመር መውጫ በሌለው ነገር ላይ መግፋት ነው፤ አንጀት ሊቀደድ፣ ሰውም ሊሞት ይችላል። እነዚህን ምልክቶች ካያችሁ ምንም አታጠጡ፣ እንዲነጋም አትጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ሰገራው ላይ ደም ያየ፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ ከ50 ዓመት በኋላ ልማዱ በድንገት የተለወጠበት ሰው ደግሞ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ይመርመር።

ስለ ምግቡ ብዙ አልልም። ባቄላና ቦሎቄ፣ ከተገኘ ሱኩማ ዊኪ፣ ያልተነፋ ዱቄት፣ ውኃ የጠጣ ተልባ ሁሉ ይረዳል። ከቁርስ በኋላ ሳይጣደፉ መጸዳጃ መቀመጥም እንዲሁ። በምሽት የሚፈሩ ሴቶች ሁለት ሦስት ሆነው ቢሄዱ መልካም ነው፤ የመብራቱን ጉዳይ ለሰፈር ኮሚቴው አቅርበናል።

ጠርሙሱን ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት፤ ጣፋጭ ስለሆነ ይወዱታል። በቤታችሁ የተረፈ ካለም ነገ ጠዋት ይዛችሁት ኑ፤ ከትምህርት በፊት ጽሑፉን አነብላችኋለሁ፣ ነርሷም አብራን ትሆናለች። ለብቻው መናገር የሚፈልግ ሰው አስተርጓሚው ወንድ ወይም ሴት እንዲሆንለት መጠየቅ ይችላል።