ሌሊት፣ ዓይንና ፍጥነት



መንገድ የሚቀየሰው በቀን ብርሃን ነው፤ የሚመረቀውም በቀን ብርሃን ነው። የሚያገለግለው ግን ቀንም ሌሊትም ነው። ስለዚህ በጨለማ አጥርቶ ማየት የሾፌሩ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመሐንዲሱም ጉዳይ ነው።

የሰው ዓይን በሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ያያል። አንደኞቹ በደማቅ ብርሃን ቀለምንና ጥቃቅን ነገርን ይለያሉ፤ ሁለተኞቹ በድንግዝግዝ ያገለግላሉ፤ ነገር ግን ቀለም አይለዩም፤ ቅርጽንም አጥርተው አያሳዩም። ከደማቅ ብርሃን ወደ ጨለማ የገባ ዓይን ጨለማውን በሚገባ እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና ረጅም መብራት ግን ይህን ልማድ በቅጽበት ያፈርሰዋል። ዕድሜ ሲገፋም የዓይን ብሌን እንደ ቀድሞው አይሰፋም፤ ስለዚህ አዛውንቱ ሾፌር ከወጣቱ ይልቅ ብዙ ብርሃን ይሻል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ሾፌሩ የጎደለውን አለማወቁ ነው። ሌይቦዊትዝና ኦወንስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ የማየት ተግባር ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው አቅጣጫን ጠብቆ ለመሄድ ይረዳል፤ ሁለተኛው ከፊት ያለው ነገር ምን እንደ ሆነ ለይቶ ያሳውቃል። ጨለማ በተለይ የሚያዳክመው ሁለተኛውን ነው። አንደኛው እምብዛም ስለማይጎዳ፣ ሾፌሩ መኪናውን እንደ ቀኑ ሳይቸገር ይመራል፤ መምራቱ የቀለለውን ያህልም የሚያይ ይመስለዋል።

የሒሳቡ ውጤት ግን ሌላ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 2 ሴኮንድ ቢወስድበት 44 ሜትር ያልፋል። በደረቅ አስፋልትና በጥሩ ፍሬን እስኪቆም ደግሞ 36 ሜትር ያህል ይጨመራል፤ ድምሩ 80 ሜትር ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ እንኳ፣ በዚሁ ስሌት 42 ሜትር ያስፈልገዋል። ጥቁር ልብስ የለበሰ እግረኛ ግን በአጭር መብራት ብዙውን ጊዜ የሚታየው 30 ሜትር ያህል ሲቀር ነው። እግረኛው በበኩሉ መብራቱን ከሩቅ ስለሚያይ፣ እርሱም የታየ ይመስለዋል። አደጋው የሚደርሰው ሁለቱ ግምቶች በተገናኙበት ስፍራ ነው።

መፍትሔው መብራትን ማጠንከር ነው የሚሉ አሉ፤ ዳሩ ግን ለአንዱ የሚያበራው ለሌላው ያጥበረብራል። ሾፌሩ የመብራቱንና የፊቱን መስታወት ከአቧራ ያጽዳ፤ ተላላፊ ሲመጣ ወደ አጭር መብራት ይመለስ፤ ዓይኑንም ወደ ቀኙ የመንገድ ጠርዝ ያድርግ። ከሁሉም በላይ ፍጥነቱን የሚወስነው እጁ የተማመነውን ያህል ሳይሆን፣ መብራቱ በሚያሳየው ርቀት ውስጥ መቆም የሚችለውን ያህል ይሁን።

የመሐንዲሱ ድርሻ የመኪናውን ብርሃን ወደ ሾፌሩ ዓይን የሚመልስ ነገር በመንገዱ ላይ ማኖር ነው። እንግሊዛዊው ፐርሲ ሾው እ.ኤ.አ. በ1934 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበትና «የድመት ዓይን» የተባለው አንጸባራቂ የተሠራው ለዚሁ ነው። በመንገድ ቀለም ላይ የሚነሰነሱት ጥቃቅን የብርጭቆ ፍሬዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ነገር ግን በዝናብ ጊዜ ውኃ ሲሸፍናቸው ኃይላቸው ይደክማል።

የአገራችን አውራ ጎዳና የመኪና ብቻ አይደለም፤ ሰው፣ ከብትና ጋሪ ይጋሩታል። የገጠሩ ነጭ ነጠላና ጋቢ ከጥቁር ካፖርት ይልቅ ለባለቤቱ ዘብ ይቆማል። የተበላሸ የጭነት መኪና ምልክት ተብለው የሚደረደሩት ድንጋይና ቅጠል ግን ብርሃን አይመልሱም፤ መኪናው ተጠግኖ ከሄደ በኋላም አንዳንዴ እዚያው ቀርተው ራሳቸው አደጋ ይሆናሉ። ባለ ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ ምልክት በእያንዳንዱ መኪና፣ ቁራጭ አንጸባራቂ በእያንዳንዱ ጋሪ ጀርባ ቢኖር ወጪው ከአንድ ሰው ሕይወት ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ስለዚህ ለሙያው ባልደረቦች የሚቀርበው ሐሳብ አጭር ነው፤ ማንኛውም መንገድ ርክክብ ከመፈጸሙ በፊት፣ የነደፈው መሐንዲስ ራሱ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት፣ ቢቻል በዝናብ፣ በአጭር መብራት ይንዳበት። በፕላኑ ላይ ያላየውን ጉድለት ያን ሌሊት ያየዋል።